የወንድምሽ ጺም

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም ታግሠሽ አንብቢው። ያን ዕለት በስልክ “አባዬ፣ ማሽኑን ያንሱለትና ይረፍ በቃ” ስትዪኝ ደሜ ፈላ። “ሩቅ ሆነሽ ነው እንዲህ የምትዪው፤ ጺሙ እያደገ ነው፤ ሙት ጺም ያበቅላል?” አልኩና ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ።

የምሬን ነበር። ወንድምሽ ሞተሩ ተንሸራቶ ራሱን ከአስፋልቱ ጠርዝ ካጋጨ ወዲህ፣ በየጠዋቱ ምላጭና ብሩሼን ይዤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እገባለሁ። ሲስተሯ የመተንፈሻውን ቱቦ ገለል አድርጋ ትይዝልኛለች፤ እኔ እላጨዋለሁ። በማግስቱ አገጩን ሻክሮ አገኘዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ስለ ጺም ሐኪም አይነግረኝም። ሐኪሟ “አባባ፣ ሌላም ሐኪም መርምሮታል፤ አንጎሉ ሞቷል፤ የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው” ስትለኝ “እስቲ ንኪው” አልኳት። ነካችውና “አዎ፣ ሻክሯል” አለች።

“አባባ እኮ ጠበቃ ቢሆኑ ዳኛ ያስለቅሱ ነበር” አለች ሲስተሯ።

ትናንት ሐኪሟ “ይምጡ፣ ላሳይዎ” ብላ ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። ከአገጩ አንዲት ፀጉር ከነሥሯ ነቅለን ሄድን፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም። ማይክሮስኮፕ በሚሉት መነጽር አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ፀጉሯ እንደ ገመድ ወፍራለች። “ይህ ዘንጉ ሙት ነው፤ የማንም ሰው ፀጉር ሙት ነው” አለችኝ። ይኸውልሽ፣ ዘመኔን ሙሉ ሙት ስቆርጥ ኖሬ አንድም ደንበኛ አልነገረኝም።

ሥሯ ግን ሽንኩርት ይመስላል። እዚያ ውስጥ ጥቃቅን ክፍሎች ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ሕዋስ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ በስስ ሽፋን ታጥሯል፤ ሽፋኑ የሚበጀውን ያስገባል፣ የማይበጀውን ይመልሳል። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ አስኳል አለው፤ ምን መሥራት እንዳለበት እዚያ ተቀምጦለታል። ምግቡን ወደ ጉልበት የሚቀይሩለት ደቃቅ አካላት ደግሞ በዚያ መነጽር እንኳ በቅጡ አይታዩም። ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል፣ አዲሱ አሮጌውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የተገፋው ደርቆ ጺም ይሆናል።

“እነዚህ በሕይወት አሉ?” አልኳት።

“ነበሩ፤ ፊቱ ላይ የቀሩትም አሉ።”

“የልጄ ናቸው?”

“የልጅዎ ናቸው።”

“እንግዲያ ምን ትያለሽ?”

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። “አባባ፣ አንድ ዓይነት ሕዋሶች ሲተባበሩ ጡንቻ ይሆናሉ፣ ነርቭ ይሆናሉ። እነዚያ ሲቀናጁ ልብ ይሆናል፣ ሳንባ ይሆናል። ልቡና የደም ሥሩ አብረው ደም ያዞራሉ። ይህ ሁሉ ተስማምቶ ሲሠራ ነው ሰው የምንለው። ማሽኑ አየር ስለሚሰጠው ልቡ ይመታል፣ የጺሙም ሥር ይቀለባል። ሁሉን አንድ የሚያደርገው አንጎሉ ግን ሞቷል። የጺም ሥር ይተካካል፤ እሱ አይተካም።”

“እናቱ ስትሞትም ሐኪሞች ብዙ አውርተውልኛል” ብዬ ጥያት ወጣሁ። አባትሽ ከመቼ ወዲህ ነው በአንድ ምክር የሚረታው።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ሳሙናውን አረፋ አድርጌ ቀባሁት። ልጄ፣ የሚላጭ ሰው ዝም ብሎ አይላጭም። አፍንጫው ሥር ስትደርሺ ሳትነግሪው የላይ ከንፈሩን ወደ ጥርሱ ይስብልሻል። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ምራቁን ይውጣል። ሰካራሙም፣ እንቅልፋሙም እንዲሁ ነው። ሊሞቱ ያጣጥሩ የነበሩ ሽማግሌዎች ላጭቻለሁ፤ እነሱም ስበውልኛል። ውስጥ ሆኖ ምላጩን የሚያግዝ ሰው አለ።

“ከንፈርህን ሳብ አድርገው የኔ ልጅ” አልኩት። ምላጬን አንሥቼ ጠበቅኩ። ማሽኑ ነፋ፤ ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ጉንጩ ሞቃት ነው። ቢቸግረኝ በጣቴ ስቤ ጨረስኩለት። ለካ በዚያ ሁሉ ጠዋት የምስበው እኔው ነበርኩ። እጄ ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

ፊቱን ጠርጌ ሐኪሟን አስጠራሁና “ነገ ጠዋት ይሁን” አልኳት። እሷም ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

የመኖሪያ ወረቀትሽ ሳያልቅ ካለሽበት አገር ብትወጪ መመለሻ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ በዚህ ራስሽን አትብዪ። ይህን ደብዳቤ ሲስተሯ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። እህልሽን በደንብ ብዪ፣ ብቻሽን ሆነሽ አታልቅሺ፤ ጎረቤትሽን ጥሪ። የእሱን ዕድሜ በአንቺ ላይ ይጨምርልሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

ነገ ጠዋት ማሽኑን ሳያነሡ ደውዪ። ሲስተሯ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝልናለች። እንደማይሰማ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ደውዪና አናግሪው። እኔ አጠገቡ ነኝ፤ እሰማሻለሁ።

አባትሽ