ክንፍሽን ያረጠብኩበት ቀን

ውድ ኔሊዳዬ፣

ወንድም ተወልዶልሻል። ኤቨር ይባላል። አፍንጫው ቁርጥ ያንቺ ነው። አንዳንዴ ሳቅፈው አንቺን ያቀፍኩ ይመስለኛል፤ ከዚያ ናፍቆትሽ አንጀቴን ይበላዋል።

የሞትሽ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ከበሮ እየመታ፣ እየዘፈነ ነው የሸኘሽ። እኔ እንዳላለቅስ እናቴ ኤውላልያ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ አደረች። በኛ ወንዝ ዳር ሰዎች እምነት የሞተ ሕፃን መልአክ ነው፤ እናቱ ካለቀሰች ክንፉ ይረጥብና መብረር ያቅተዋል። ስሙም በሌላ ሕፃን ፊት አይነሳም፣ ጠርቶ እንዳይወስደው። ስለዚህ ስምሽን ከእንባዬ ጋር ዋጥኩት።

ኤቨር ሳምንት ሳይሞላው እንደ እሳት ይነድ ጀመር፤ ሆዱም ተነፋ። በጀልባ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ካሊ ከተማ ሆስፒታል ወሰድነው። ዶክተር ኪንቴሮ የቫይረስ መድኃኒት ጀመሩለት። ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ጠዋት ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ወይ ቫይረስ እየጎዳው ነው፣ ወይ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ከልክ አልፎ ራሱን እየወጋው ነው አሉን። ሁለቱም ትኩሳትና ያበጠ ጉበት ነው የሚያሳዩት። መከላከያውን የሚያበርደው መድኃኒት ቢሰጠውና ሕመሙ ቫይረስ ብቻ ቢሆን አቅም ያሳጣዋል፤ መከላከያው ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ይገድለዋል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዘር ምርመራ ውጤት እስኪደርስ ልጁ አይቆይም።

“ከዚህ በፊት የሞተባችሁ ሕፃን አለ?”

“የለም” አለች እናቴ ቀድማኝ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ልጁን መጠበቋ ነበር። አፌን ስከፍት ክንዴን ጨበጠችኝ። “ዝም በይ ልጄ። ትሰማሽና ትጠራዋለች።”

“ትስማኝ” አልኳት። ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። “ኔሊዳ ትባላለች። ልክ እንደሱ አተኮሳት፣ ሆዷ ተነፋ፣ ገና አራስ እያለሁ ሞተችብኝ። ያኔ ኢንፌክሽን ነው ብለውን ነበር።”

ዶክተሩ ብድግ አሉ። ሁለት ልጅ በአንድ ዓይነት ሕመም ከወደቀ በደም የሚወረሰው የመከላከያው ሕመም ሳይሆን አይቀርም፤ የቫይረሱን መድኃኒት ሳናቆም ሌላውንም ዛሬውኑ እንጀምር አሉ። እኔ ግን ስምሽን አንዴ ከጠራሁ ወዲያ እንባዬ መቆሚያ አጣ።

ትኩሳቱ በረደለት። ገና የአጥንት መቅኔ የሚሰጠው ሰው ይፈለግለታል፤ መንገዱ ረጅም ነው። እናቴ አኩርፋኝ ሰነበተች። ትናንት ግን የተኛበትን ክፍል መስታወት ተጠግታ፣ “እህትህ ኔሊዳም እንዲህ ነበር እግሯን የምታወራጨው” ስትለው ሰማኋት።

ክንፍሽን እንዳረጠብኩት አውቃለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም። እስኪደርቅልሽ እዚሁ ከወንድምሽ አጠገብ ቁጭ በይ። እኔ እንደሆነ ቶሎ እንዲደርቅ አልፈልግም።

እናትሽ ዩርሌይ