የጣውንትሽ የቀኝ በር

ለምትናፍቂኝ እማማ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው? አክስቴ ቤት ያለው ፍራሽ ይመችሻል ወይስ እንደ ልማድሽ «በጣም ጥሩ ነው» እያልሽ ስትገላበጪ ታነጊያለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆትና ከአባባ ጉንፋን በቀር ደህና ነን። ጉንፋን ያሉት እሳቸው ናቸው። የሚነሳባቸው ግን ማዕድ ሲቀርብና ወንበርሽ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

አስተማሪያችን ለታላቅ ሰው በአንቱታ ነው የሚጻፈው ብላናለች። አንቱ ብልሽ ግን «ይቺ ልጅ ምን ሰብራ ነው?» ብለሽ ሳትጨርሺው ስለምትደውዪ ይቅር። ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የያዝኩትም በምክንያት ነው። አንቺ ስትደውዪ አባባ ጋዜጣ ገልጠው አጠገቤ ይቀመጡና አንድም ገጽ ሳያዞሩ ይሰማሉ።

የምስራች ልንገርሽ፤ የፍሪጅሽ የበር ጎማ ተመልሷል። አዎ፣ ያው ራሱ፣ አባባ ለመኪናቸው በር ነቅለው የወሰዱት፣ ቤት ያስለቀቀሽ ጎማ። አባባ ከጣውንትሽ በር ላይ ልጠው አወጡት፣ በሳሙና አጥበው ቦታው መለሱት። ፍሪጁ አሁን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል እንጂ ወተቱ እንዳልተበላሸ እኔ ምስክር ነኝ። (መኪናዋን «ጣውንቴ» ማለትሽን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል፤ አሁን ጎሚስታው እንኳ «የጣውንቲቱ ጎማ ነፋስ ይጎድላታል» ይለናል።)

ይቅርታ ግን እንዳትጠብቂ። አባባ እስካሁን የሚሉት «ጎማ ጎማ ነው፤ ፍሪጅ ላይ ተወለደ፣ መኪና ላይ ተወለደ፣ ምን ለውጥ አለው?» ነው። ጣውንትሽ እኮ ከገዛ አካሏ የቀራት ታርጋዋና ክላክሷ ነው። የውሃ ፓምፗ ከትራክተር፣ የዝናብ መጥረጊያዋ ሞተር ከአውቶቡስ፣ የጎን መስታወቷ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤታችን ነው። ልጅሽ አባዬ አንድ ሰሞን ጺሙን በድስት ክዳን እያየ የተላጨው ለዚህ ነው።

ጎማው ወደ ፍሪጅ ሲመለስ የመኪናዋ በር ነፋስ ማስገባት ጀመረ። ስለዚህ ቅዳሜ አሮጌ መኪና እየተፈታ የሚሸጥበት ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። ከግቢው ራቅ አድርገን ነው ያቆምናት፤ ሻጩ ካያት ወይም ስሟን ከሰማ ዋጋውን ይሰቅለዋል። ለእንደዚህ ያለች አሮጊት ዕቃ የሚፈልግ ወይ ሀብታም ነው ወይ ሞኝ ነው ይላሉ አባባ፤ ራሳቸውን የት እንደመደቡ ግን አልነገሩኝም።

ልውረድ ብዬ እጄን ስሰድ በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። እኔ ሁሌ ከኋላ ነበር የምቀመጠው፤ ያን ቀን ግን ከፊት ያንቺ ቦታ ላይ ነበርኩ። ባስስ ባስስ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ። አባባ ጉልበታቸውን እያሻሹ በኮፈኑ ዞረው መጥተው ከፈቱልኝ። መቼ ነው የተሰበረው ብላቸው «አባትሽ ሳይወለድ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እማማ፣ ሳቄ አፈነኝ! «የኔ ባል በር ሳይከፍትልኝ ወርጄ አላውቅም» እያልሽ የሰፈሩን ሴቶች ስታስቀኚ የኖርሽው! የአክስቴን ባል «ከአማትህ ተማር» እያልሽ ስታሸማቅቂው! ለካ ካልከፈቱልሽ እዚያው ልታድሪ ነው!

ግቢው ውስጥ ሕጉ እንዲህ ነው፤ የመኪና ስም አይጠራም። የጎማውን ቁራጭ ከኪስ አውጥተሽ «ይህን የሚለብስ ማን ነው?» ትያለሽ። ሻጩ ከአውቶቡስ የተነቀለ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቁራጩን አገላብጦ አየና ወደ አንድ ሚኒባስ የኋላ መስኮት ጠቆመን። ልክ ሆነ። የኦሪጅናሉን ሩብ ዋጋ እንኳ አልጠየቀንም። አባባ ደስታቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን እንዴት እንዳኮሳተሩት ብታዪ!

እኔ ደግሞ ይህን የበር ጉድ ለአክስቴ ባል እንዴት አሳምሬ ልንገረው እያልኩ ስዞር፣ አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና በር ላይ ለቀዳዳዎቹ ልክ የሚሆን እጀታ አየሁ። ሻጩ «ለጎማው ምርቃት ይሁን» ብሎ ሰጠን። አባባ በሁለት ብሎን አሰሩት።

ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተው፣ እንደ ልማዳቸው ወርደው በኮፈኑ መዞር ጀመሩ። እኔ ግን ቀጭ! አድርጌ ከፍቼ ወረድኩ። አባባ የፊት መብራቱ ጋ ደርሰው ነበር። እዚያው ቆሙ። እጃቸው ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀረ። ቆይተው ካቻቢቴያቸውን አወጡ፣ እጀታውን ፈቱና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «አልገጠመም» አሉ። አባባ፣ አሁን እኮ ከፍቼ ወረድኩ ብላቸው «አልገጠመም አልኩሽ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። የትራክተር ፓምፕ የገጠመላቸው ሰውዬ!

ሳቄን ይዤ ደጅ ቀረሁ። ከዚያ አንቺን አሰብኩ። ቧንቧ ጠብ ቢል እስኪጠገን ሰፈሩን የምታስነሺ፣ አንድ ማንኪያ ቢጎድል ሳትቆጥሪ የምታውቂ ሰው፣ እዚያ በር አጠገብ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀምጠሽ አንድ ቀን «ይህን አሠራው» ሳትያቸው? እሳቸው አላሠሩ፣ አንቺ አልጠየቅሽ። እንግዲህ ሁለታችሁም ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ ምን አገባኝ። ለአክስቴ ባል ግን ሳልነግረው ቀረሁ።

እጀታውንም አልጣልኩትም። ያ በሹካ እየጎተትሽ የምትከፍቺው የወጥ ቤት መሳቢያሽ ላይ ሞከርኩት፤ ልክ ሆነ። ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ስትመጪ ነው ያልኩት። አክስቴ «ልብሷን ከሻንጣ አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለች» ብላኛለች። ለአባባ አልነገርኳቸውም። እሑድ ወደ እናንተ ይመጣሉ። «ሞተሯን ረጅም መንገድ ላይ ልፈትሻት ነው፤ በዚያ በኩል አስፋልቱ ጥሩ ነው» ይላሉ። ለአስፋልቱ ብለው ሸሚዛቸውን ሁለቴ አስተኮሱኝ። «ነይ» እንዲሉሽ እንዳትጠብቂ፤ ያ ቃል የትኛውም ግቢ አይገኝላቸውም። ክላክስ ያደርጋሉ፣ ወርደው በኮፈኑ ይዞራሉ፣ የቀኙን በር ከፍተው ይቆማሉ። በቃ። ካልገባሽ መልሰው ይዘጉትና «ሞተሯ ጥሩ ናት» ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ጉንፋን ማን እንደሚያስታምመው እንጃ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ጉልበታቸው ብሶባቸዋል፤ ቤት ስትደርሱ ለመዞር ጊዜ ይወስድባቸዋል። ያኔ ቦርሳሽ ውስጥ የሆነ ነገር ፈልጊ። እስኪደርሱ።

ወገብሽን ያበርታልኝ፤ ዕድሜሽን እንደ ጣውንትሽ ያርዝምልኝ፤ ያለ እሷ ሳል።

ወደ ኋላ ወንበሯ የተመለሰችው፣
ምላሰኛዋ የልጅ ልጅሽ