ሳይገቡበት ስለተለካው ግቢያችን

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሚካኤል፣ የክፍለ ከተማችን የይዞታ ልኬት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ከወንበርዎ ብዙም ስለማይነሡ ወገብዎን እንዳያምዎት ዘወትር አስባለሁ፤ የቢሮዎ መስኮት ወደ ሐይቁ የዞረ መሆኑን ሰምቼ ግን ተጽናንቻለሁ።

እኔ በሥርዎ የምተዳደር ሽማግሌ ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ በካርታው ላይ ሁለት መቶ አርባ ካሬ ሜትር ተብሎ የተጻፈውን ግቢያችንን እንደገና ለክቶ ሦስት መቶ አድርጎልናል። መሬት ያለ ማዳበሪያ ሲያድግ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነውና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተረፈ የተባለው ስድሳ ካሬ ከጓሮ በኩል ተቆርጦ ይወሰዳል ተብሏል። በዚያ በኩል ያለው የእህቴ የሩሐማ ክፍል ነው። ሌላ መኖሪያ የላትም። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለሙያዎ አቶ ማርቆስ የመጡ ዕለት ዘንቦ ስለነበር ጫማቸው እንዳይጨቀይ ከበር አልገቡም። ሜትሩን ከአጥሩ ውጭ ዘርግተው የመንገዱን ጎን ሃያ፣ የጎኑን አጥር ዐሥራ አምስት ብለው፣ ሁለቱን አባዝተው ሄዱ። የመሥሪያ ቤትዎ ልማድ ይኸው እንደሆነ ጎረቤቶቼም ነግረውኛል። ግቢን ከውጭ መለካት በሽተኛን ደጅ ቆሞ እንደ መመርመር ያለ ጥበብ ነው፤ ጫማቸው በመትረፉ ግን ከልብ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፤ ግቢያችን ያጋደለ ነው። የጎኑ አጥር የድሮውን ቦይ ተከትሎ ስለተተከለ ከመንገዱ ቀጥ ብሎ አይነሣም፣ ያዘነብላል። የእንዲህ ያለ ቦታ ስፋት የሚገኘው ከመንገዱ አጥር እስከ ጓሮው አጥር ወደ የትም ሳያዘነብል በተዘረጋ ገመድ ነው፤ ያም ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው። ሃያ በዐሥራ ሁለት፣ ሁለት መቶ አርባ። ገመዱ የሚዘረጋው ግን በግቢው ውስጥ ነው፤ ውስጥ ደግሞ ጭቃ አለ።

ሦስተኛውን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ይህንኑ ለማስረዳት ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር። ከዓሣ ሣጥን የነቀልኳቸውን አራት ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ በአንድ አንድ ምስማር መትቼ፣ እንደ መስኮት ፍሬም አቁሜ ለአቶ ማርቆስ አሳየኋቸው። በጎን ገፋ ሲያደርጉት ያጋድላል፤ ጣውላዎቹ አያጥሩም፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን ይጠባል። አብዝተው ሲገፉት ጨርሶ ይተኛል፣ ውስጡም ምንም አይቀርም። አቶ ማርቆስ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «አባባ፣ ጎን በጎን ይባዛል፤ ይሄ እኮ የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው» አሉኝ። ትምህርታቸውን የት ላይ እንዳቆሙ ስላልደበቁኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ የሩሐማ ግድግዳ የይፍረስ ምልክት፣ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ያውም ከውጭ በኩል። እሷም ምልክቱን አይታ፣ «አሁንም ሳይገቡ?» ብቻ ነው ያለችው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ አፍራሽ ከመላክዎ በፊት አንድ ሰው በበሩ ይግባ። የገመዱን ጫፍ እኔ እይዝለታለሁ፣ ቦት ጫማዬንም አውሰዋለሁ። ይህ ለክብርዎ የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ ግን ሩሐማ ከክፍሏ እንደማትወጣ፣ እኔም ደጃፏ ላይ ተቀምጬ እንደምጠብቅዎት ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ለጫማዎችዎ ንጽሕና ዘወትር የሚጸልይ፣ በጭቃው ውስጥ የሚኖር አገልጋይዎ፣

ዘሪሁን ባህሩ
ሐዋሳ

ማስታወሻ፦ አራቱን ጣውላዎች ጨርሰው እንደተኙ ዘበኛዎ ዘንድ ትቼልዎታለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ስሌት ስፋታቸው አልተነካም። በመካከላቸው የሩሐማን አልጋ የሚያህል ቦታ ካገኙልን ክፍሏን እኔው ራሴ አፈርሳለሁ። ሽታው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው፤ ሒሳቡ ግን የእርስዎ።