የሰማያዊዋ ዶቃ ውለታ

ለክቡር ዋና መሐንዲስ፣ ባሽሙሃንዲስ ጋሪብ ሸንዋኒ፣
የሰፈራችን መካኒኮች ማኅበር ሊቀ መንበር፤
ዛጋዚግ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ ስቶ የማያውቀው ጆሮዎ እንደምን ከርሟል? እኛ በእርስዎ ሙያ ሳይሆን በአላህ ቸርነት ደኅና ነን።

እኔ ሺሃታ አብደልመውጁድ ነኝ፤ ያች ጠዋት ጠዋት የምታስለው፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሆና በሦስቱ የምትንተባተበው አሮጌ መኪና ባለቤት። ሚስቴን አዋጢፍን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳት በእርሷ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሰባት ወር ውስጥ የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ አለማመስገን ነውር ስለሆነብኝ ይህን ጻፍሁ።

፩ኛ፦ መኪናዋን በገዛኋት ቀን «የሰው ዓይን እንዳይበላት» ብለው፣ ሰማያዊ ዶቃ በመዳብ ሽቦ ጠምጥመው ከሞተሩ ላይ በገዛ እጅዎ ስላሰሩልኝ አመሰግናለሁ። ሳሏ የጀመራት በዚያው ሳምንት ነው።

፪ኛ፦ ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ ሻይዎን እንደያዙ ዓይንዎን ጨፍነው አዳምጠው «ካንዴላ ነው» አሉ፤ ተቀየረ። ቀጥሎ «ነዳጁ ነው» አሉ፤ ቀጥሎም «አነዳድህ ነው»። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ የትኛው ሲሊንደር እንደተኛ መለየት የጀማሪ ሥራ ነውና፣ እርስዎን የሚያህል ሰው እንዴት እዚያ ድረስ ይውረድ!

፫ኛ፦ መላው ሁሉ ሲያልቅ፣ «ሺሃታ ወንድሜ፣ ዶቃዋ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አለች ብል፣ «እንግዲያስ የጎረቤትህ ዓይን ከዶቃዬም በርትቷል! ዶቃዋን እንዳትነካት ብቻ» አሉኝ። እኔም ቂሉ አመንኩ። ከባቡር ሐዲዱ ማቋረጫ አጠገብ የባቄላ ጣዕሚያ እየጠበሰች የምትሸጠውን ጎረቤቴን ኢንሻራህን ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት።

አሁን ግን ቀልዱን ትቼ ልንገርዎ። ባለፈው ሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ መንገዱን በደፈነበት ሰዓት፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ሐዲዱ መካከል ቀጥ አለች። አዋጢፍ ወርዳ ለመሄድ እንኳ አቅም አልነበራትም። የባቡሩ ጥሩንባ ከሩቅ ተሰማ። ፈራሁ፤ እንደ ልጅ ፈራሁ። መጥበሻዋን ጥላ ሮጣ፣ ትከሻዋን ሰጥታ፣ ከእኔ ጋር መኪናዋን ገፍታ ያወጣችን ያች ዓይነ ክፉ ያሏት ኢንሻራህ ናት።

ባቡሩ ካለፈ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ቁልፉን ሳዞር፣ «አንተ ሺሃታ! ዶቃህ እሳት ትተፋለች እኮ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። የመዳብ ሽቦዎ የአራተኛውን ካንዴላ ገመድ ልጦ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብልጭታውን ወደ ሞተሩ ብረት ያፈስሰው ኖሯል። በጨርቅ መያዣዋ ይዛ በጠሰችው፤ ገመዱንም አድርቄ በፕላስተር ጠቀለልሁት። መኪናዋም ያን ጊዜ ሳሏን ተወች። ኢንሻራህን ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ሂድ ባክህ፣ ሴትዮዋ ሰዓቷ እንዳያልፍባት» አለችኝ።

በእርስዎ ጥበብ መኪና መግፋትን የተካንሁ፣
ጆሮዎን ዘወትር የማደንቅ ታዛዥዎ፣
ሺሃታ አብደልመውጁድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶቃዋን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። አዋጢፍ ደግሞ፣ «አደራ፣ ምላሱ ላይ አስሮ ይያዛት፤ እሷ እንደሆነች የታሰረችበትን ሁሉ ሥራ ታስፈታለች» ብላለች።