ዶርካስ ስቶር በቁሟ የተቀበረችበት መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ አግነስ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባልሽ ኸርበርት ደኅና ነው? ልጆቹስ? በጎቻችሁስ? እዚያ ኒውዚላንድ ጸደይ ገብቷል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እዚህ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ ደጃችን ደርሷል። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። ወንድማችን አምብሮዝ ግን እርር ድብን አድርጎኛል።

መቼም ሥራውን ታውቂዋለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሙት መንፈስ፣ ከፈረሰ ግንብና ደም ከምትጠጣ ሙሽራ ሌላ የጻፈው የለም። በየምዕራፉ መግቢያ ደግሞ ግጥም ይጨምርበታል። በታይፕ የምመታለት እኔ፣ ሻዩን የማፈላለት እኔ፣ ካልሲውን የምሰፋለት እኔ። አገሩን በሙሉ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው፣ ሸረሪት ካየ የሚጠራው እኔን ነው።

ለታሪኮቹ ስም የሚለቅመው ከቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ነው። የሞተ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ አይከስስም ይላል። ዘንድሮ «ዶርካስ ስቶር» የሚል አገኘና ወደደው። እዚህ ባል ሲሞት የሚስትየው ስምና የተወለደችበት ዘመን አብሮ እንደሚቀረጽ፣ የምትሞትበት ዘመን ቦታ ብቻ ባዶ እንደሚቀር አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ ግን በድንጋዩ ላይ የተሳበውን ሐረግ ገለጥ አድርጎ ማየት ታከተውና ስሙን ጽፎ ሄደ።

ዶርካስ ስቶር የእጮኛዬ የሩበን እናት ናት! ዓሣ በጢስ የሚያደርቀው ሩበን፣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀኝ ሩበን። አምብሮዝ በቤቷ ስንቴ ኬክ በልቷል፤ ሆኖም «የሩበን እናት» ከማለት በቀር ስም እንዳላት እንኳ አስቦ አያውቅም። በመንደራችን ግማሹ መቃብር «ስቶር» የሚል ስለሆነ የቤተሰቡም ስም አላነቃውም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ በሳንባ ምች ተኝቼ ስለነበር መጽሐፉን ሌላ ሰው ነው የመታው።

በመጽሐፉ ውስጥ ዶርካስ ባሏን መርዝ አጠጥታ ትገድላለች፤ ከዚያ ራሷም ሞታ፣ ከመቃብር እየተነሣች የጎረቤቶቿን ደም ትጠጣለች። እንግዲህ የመንደራችንን ሰው አፍ ታውቂዋለሽ። ሥጋ ሻጩ በወረፋው ሁሉ ፊት «ወይዘሮ ስቶር፣ የደም ቋሊማ ላድርግልዎት ወይስ ትኩሱን ከጎረቤት ነው የሚጠጡት?» አላት። ሰባ አንድ ዓመት በክብር የኖረች ሴት ዘንቢሏን ባዶ ይዛ ተመለሰች። እኔ አፈር ልግባ አልኩ።

ይህ የሆነው ቄሱ የእኔንና የሩበንን ስም በቤተ ክርስቲያን መጥራት በጀመሩ ሰሞን ነው። ሦስት እሑድ ይጠራል፤ ጋብቻውን የሚቃወም ካለ ተነሥቶ ይናገራል። ዶርካስ «ሦስተኛው እሑድ ላይ እነሣለሁ» ብላ በሩበን ላከችብኝ። እኔ ደግሞ አምብሮዝን ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት ብዬ ለመንኩት። ግጥም ጽፎላት ሄደ። ግጥሙ ውስጥ የመቃብር ትል ነበረበት! አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። «ይህችን መጽሐፍ ብቻ ልጨርስ» እያለ ሰርጌን ዘጠኝ ዓመት ያዘገየው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ ቀረ ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት፣ በሦስተኛው እሑድ፣ ቄሱ ስማችንን ጠርተው የሚቃወም ካለ ይናገር ሲሉ ዶርካስ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ስለ መጽሐፉ አይደለም» አለች። «ስለ መጽሐፉ እሱን ለብቻው አገኘዋለሁ። የምቃወመው ይህች ልጅ ባለትዳር ስለሆነች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለወንድሟ አብስላለች፣ አጥባለች፣ ጽፋለች። ልጄን ካገባችም በኋላ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ልታፈላለት እንደምትሄድ ሰምቻለሁ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሞተችው ዶርካስ እንኳ ከሷ ይልቅ እንደ ልቧ ወጥታ ትገባለች። መጀመሪያ እሱ ይልቀቃት፤ ከዚያ ይጋቡ።»

ቄሱ ይህ በሕግ ተቃውሞ አይባልም አሉ። የሳቀ ግን የለም። እንደ ልማዴ ላማካኝለት ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እውነቷን ነበራ! አምብሮዝን አየሁት። ፊቱ ነጥቷል። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሑድ እሑድስ?» አለኝ።

«እሑድም አልመጣም» አልኩት። በሕይወቴ እምቢ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ ሩበን ክንዴን ያዘኝ።

ሰርጉ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አምብሮዝ እህቴ ጨከነችብኝ ብሎ ይጽፍልሻል፤ በደንብ አድርጎም ይጽፈዋል፣ ታለቅሻለሽ። አደራሽን፣ አልቅሺ እንጂ አታማልጂለት።

ኸርበርትን እጅ ነሥታለች በዪልኝ። ፖሊን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ሴድሪክን አክስትህ ልታገባ ነው በዪው። አማትሽን ባሉበት ጤና ይስጥልኝ ብላለች በያቸው። አምብሮዝ ይኸው ከማድቤት «ጨው የት ነው?» እያለ ይጣራል። የት እንዳለ አውቃለሁ። አልነግረውም።

ታናሽ እህትሽ ዊኒፍሬድ
ሃልደርጌት፣ ዮርክሻየር
ኦክቶበር 15 ቀን 1956