የባለቤቴ አውራ ጣት ስላስቸገረዎት ይቅርታ

ለተከበሩት የጤና ጣቢያችን የሲስተም ሥራ ኃላፊ፣

እንደምን ከረሙልኝ ጌታዬ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ምላሴ ጤነኛ ነው። ምስጋናዬ እንዳይበተንብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. አዲሱ ሲስተም መሥራቱ ሳይታወቅ የድሮውን ካርድ ክፍል ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። እኛ ያልተማርነው ያዲሱ ቤት ጣራ ሳይመታ አሮጌውን አናፈርስም ነበር፤ ለካ ኋላ ቀርነት ኖሯል።

፪. መድኃኒት የሚሰጠው በሽተኛው ራሱ መጥቶ የቀኝ አውራ ጣቱን ማሽኑ ላይ ሲያሳርፍ ነው ስላሉም ተባረኩ። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ተጨብጦ ቀርቷል፤ የግፊት ኪኒኑን ካቋረጠ ደግሞ ዳግመኛ ይጥለዋል ብሎናል ሐኪሙ። መድኃኒት ሰጪዋን ብለማመጣት አንገቷን ደፍታ «እማማ፣ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ግራ እጅ አይቀበልም» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እሷንም ማን ጠይቋት። ማሽኑ የተሞከረው በቢሮዎ ወጣቶች ጣት ነው አሉ። ልክ ነዎት፣ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

፫. ጎረቤቶቼ ሰውዬዬን በወንበር ተሸክመው አመጡት፤ የርስዎ ቴክኒሻን ያንን ጭብጥ እንደ ዛገ ቁልፍ ሊፈለቅቀው ታገለ። መናገር አይችልም፣ እንባው ብቻ ዱብ ዱብ አለ። ማሽኑም አላውቀውም አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

፬. ቢሮዎ መጥቼ ስነግርዎ የግራ እጅ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ኪኒኑ ዓርብ ያልቃል። ባለቤቴ አንድ ምዕራፍ ነው ያለው ጌታዬ፣ እሱም መጨረሻው ላይ ደርሷል። ሌላ አልለምንዎትም፤ እስከ ዓርብ መድኃኒት ሰጪዋ ፊቱን አይታ፣ በእጇ ጽፋ ትስጠው ይበሉልኝ። ለሁለት ቃል ምዕራፍ አያስፈልግም።

ለዕውቀትዎ አጎንብሼ፣ ለትዕግሥቴ ተገርሜ፣ ሥራዎን ለሠሪው ትቼ፣

የባለ ጭብጡ ሚስት

ይቺን ከጨረስኩ በኋላ፦ ደብዳቤውን በእጅዎ ልሰጥ መጥቼ ነበር፤ ዘበኛው ግን ወገብዎን አሞዎት የግል ሐኪም ቤት ሄደዋል አለኝ። እግዜር ይማርዎ። እዚያ ስም ነግረው ብቻ ነው አሉ የሚታከሙት።