ትሪው እስኪሞላ ድረስ

ለተከበሩ የኢንፍሉዌንዛ ዘረመል ምርመራ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጉንፋን የሚባል ነገር በደጅዎ እንዳያልፍ፣ ቢያልፍም ምርመራ የማያሻው ዓይነት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ዶሮ አርቢና እንቁላል ሻጭ ነኝ። የምሠራው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር፤ ዶሮዎቹን ሲመግብም ቤታቸውን ሲጠርግም ስለሚያፏጭ ሰፈሩ በሙሉ «ፉጨት» እያለ ይጠራው ነበር። በመጀመሪያ ዶሮዎቻችን ታመሙ፣ ቀጥሎ እሱ ታመመ፣ ሞተም። አሁን ደግሞ ሚስቱ እሱ በተኛበት የሆስፒታል ክፍል፣ እሱ ይውጠው የነበረውን ኪኒን እየዋጠች ተኝታለች፤ ትንሿ ልጃቸው እኔ ዘንድ ናት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ከዚህ በፊት ለጸሐፊዎ በእጄ ያስረከብኳቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም፣ ምናልባት እነሱም እስኪሞሉ እየተጠበቀ ይሆናል።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን፣ ለሥራዎ እንዲመች፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ወንድሜ ሆስፒታል እንደ ገባ በረጅም የጥጥ ዘንግ ከአፍንጫው ናሙና ተወስዶ ወደ ማዕከልዎ ተላከ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ አንዳንዱ ቫይረስ ያንን ኪኒን የተላመደ ሆኖ ይገኛል፤ መላመድ አለመላመዱ የሚታወቀው የእናንተ ማሽን ዘረመሉን ሲያነብ ነው። የተላመደ ከሆነ ሌላ መድኃኒት በሆስፒታሉ መጋዘን አለ፤ ነገር ግን ያለ ማዕከልዎ ውጤት መጋዘኑ አይከፈትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ውጤቱን ልጠይቅ ስመጣ እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ እትዬ፣ ናሙናዎቹ የሚገቡበት ባለብዙ ጉድጓድ ትሪ አለ፣ እሱ ሳይሞላ ማሽኑ አይነሳም፣ ባዶ ጉድጓድ ይዞ ማስነሳት ብክነት ነው አለችኝ። ሰው ካልሞላ የማይንቀሳቀስ ታክሲ ዕድሜዬን ሙሉ ስሳፈር ስለኖርኩ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልዩነቱ፣ ከታክሲው የሰለቸው ሰው ወርዶ በእግሩ መሄድ መቻሉ ነው።

2ኛ. የዶሮዎቹ ናሙና የሄደው ወደ እንስሳት ሐኪሞች ስለነበር መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎችም ደርሰው አንድ ሳያስቀሩ አስወገዷቸው። ቅር አላለኝም። ለዶሮ ትሪ አይጠበቅም፤ ወንድሜን የጎዳው ሰው ሆኖ መፈጠሩ ብቻ ነው።

3ኛ. ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ማሳል ስለ ጀመረች፣ የባሏ ውጤት ለእሷ እንኳ ይጠቅማት እንደሆነ ብዬ ተመልሼ መጣሁ። መግቢያው ታጥቦ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘሁት። ከሩቅ የመጡ የተከበሩ እንግዶች ማሽኑ ሲሠራ ማየት ፈልገዋል፤ ትሪው ግን ገና አልሞላም ነበር። ክቡርነትዎ ታዲያ በዚያ በሚደነቅ ብልሃትዎ ባዶዎቹ ጉድጓዶች በንጹሕ ውሃ እንዲሞሉ አዘዙ፤ ተሞሉ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። እኔም በመስታወቱ ማዶ ቆሜ በዓይኔ አየሁ። ለካ ውሃም ይሞላዋል! ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ወንድሜ ሲቀበር ካለቀስኩት ይበልጥ አለቀስኩ፤ ሲቀበር መዳን የማይችል መስሎኝ ነበርና።

4ኛ. በዚያው በእንግዶቹ ቀን የወንድሜም ናሙና ተነበበ፤ ቫይረሱ በእርግጥም ኪኒኑን የተላመደ ሆኖ ተገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ለማዕከልዎ ያለኝ አክብሮት ይከለክለኛል። ቫይረሱ ረጅም ስም ወጣለት፤ ዘመድ አዝማዱ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቅርንጫፉ የበዛ ሥዕልም ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ተቀመጠ። እንግዳ ተቀባይዋ በጣቷ አሳየችኝ፤ ደግ ልጅ ናት። ከሥሩ «ወንድ፣ ጎልማሳ» የሚል ተጽፏል። ያፏጭ እንደ ነበር አልተጻፈም፤ ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል።

5ኛ. ሐኪሙን፣ የባሏ ውጤት ታውቆ የለም ወይ፣ በአንድ ቤት የተያዙ ባልና ሚስት አይደሉም ወይ፣ መጋዘኑን ክፈቱላት ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ደርሼ ለመንኩት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ የሟቹ ውጤት ለሟቹ ብቻ ነው፣ የእሷ የራሷ ካልመጣ መድኃኒቱ እንዳይወጣ የሚል መመሪያ ከማዕከሉ ደርሶናል አለኝ። የእሷ ናሙና ደግሞ እናንተ ዘንድ፣ አዲሱ ትሪ ላይ ነው። አዲሱ ትሪም አልሞላም። ቶሎ እንዲሞላ እንዳልጸልይ፣ ትሪው የሚሞላው ሰው ሲታመም ስለሆነ ጸሎቴ ለጎረቤቶቼ እርግማን ይሆንብኛል። ትናንት ስጠይቃት ውሃ ለመጎንጨት እንኳ ቀና ማለት አቅቷት ነበር።

6ኛ. ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ፤ ውሃ ይጨምሩበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ይለውጣል ብዬ አላምንም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ እኔም እየወቀጥኩ ያለሁት ዝም ማለት ስላቃተኝ ብቻ ነው። ቢሆንም ለምኚ ከተባልኩ የምለምነው ያንኑ ውሃ ነው። ማሽኑን ለማስነሳት የግድ እንግዳ የሚያስፈልግ ከሆነም፣ ንጹሕ ልብሴን ለብሼ እመጣለሁ፤ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ እስኪበቃዎ ድረስ አጨበጭባለሁ።

የማሽንዎን ዕረፍት የማያውክ ረጅም ዕድሜ፣ ጉድለት የማያውቅ ትሪና ጭብጨባ የማይለየው ደጅ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

የቀይዋ ነጥብ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትንሿ ልጅም ማሳል ስለ ጀመረች ናሙናዋ ዛሬ ጠዋት ወደ እናንተ ተልኳል። ሕፃን ናት ብለው አይናቋት፤ አንድ ጉድጓድ እንደ ትልቅ ሰው ትሞላለች።